ስንት ይታይዎታል?

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ልጄ «አባዬ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው» ትለኛለች፤ እኔ ከዚያ ቀደም ብሎ ይመስለኛል። የማውቀው ክረምት እንደነበረ ነው። የሜልበርን ክረምት፣ በፈረንጅ አምስት ሰዓት ሲል ፀሐይ የምትገባበት፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ጨለማ የሚቀበለው ጊዜ። ሁለት ትልልቅ ፕላኔቶች በምዕራብ በኩል በየቀኑ እየተጠጋጉ ሊነካኩ የደረሱበት ዓመት ነው። እኔ ዓመቱን በቁጥሩ ሳይሆን በዚህ ነው የምይዘው።

ባለፈው ሳምንት ከኖርዌይ ስልክ ተደወለ። የእትዬ ልጅ ነው። «እማዬ ዐረፈች» አለኝ። ቀጥሎ ካለው ብዙውን አልሰማሁትም። አንድ ነገር ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ «ፀሐይ ለክረምቱ በገባች በማግስቱ ነው» ያለው። እትዬ የኖሩበት ከተማ በሰሜን ጫፍ ላይ ያለ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ አንዴ ከገባች ሁለት ወር አትወጣም።

ሙሉ ስማቸውን ገና አልጻፍኩም፤ ረስቼው አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ያሳዩኝ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የታየው ነገር ይጻፋል፣ የሰው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሌላ ሥርዓት አላውቅም። «እትዬ» ነበር የምላቸው። እዚህም እትዬ ይሁኑ።

እትዬ አጠር ያሉ፣ ሲሄዱ ፈጠን የሚሉ ሴት ነበሩ። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣሉ። በስደት ኖርዌይ ገብተው፣ በዚያ በሰሜኑ ከተማ ትምህርት ቤት እያጸዱ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ከዚያ ሴት ልጃቸው አግብታ እዚህ ሜልበርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር ስትገባ ተከትለዋት መጡ። ዲር ፓርክ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ያሽጉ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ብሬብሩክ በምንከራያት አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል ያስተምራሉ።

ሰማይ ማየት የጀመሩት በሐዘን ነው። እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦

«የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ጋሼ መኩሪያ፣ እያለቀስኩ ነበር የማጸዳው። እኩለ ቀን ነው፣ ውጭው ግን ድፍን ጨለማ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የአገሩ አሮጊት ነበረች። በምሳ ሰዓት እጄን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። ከባሕሩ በላይ ዝቅ ብሎ አንድ ብርሃን አለ። ‹ኮከብ እንዳይመስልሽ፣ ጁፒተር ነው። ነገም ይመጣል፤ አንቺም ነይ› አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። መጥቷል። እኔ በዚያ አገር የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ቀጠሮ ያለኝ ከእሱ ጋር ብቻ ነበር።»

አሮጊቷ ደብተር ሰጠቻቸው። «ያየሽውን ጻፊ፤ ያሰብሽውን ተዪው» አለቻቸው። እትዬ ይህን አንድ ትእዛዝ ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖሩ።

ሜልበርን ሲመጡ ሰማዩ ተገልብጦ ጠበቃቸው። በዚያ በሰሜን አገር ፕላኔቶቹ የሚሄዱት በደቡብ በኩል፣ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ሳይሉ ነው። እዚህ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው፣ ያውም ከፍ ብለው። «እኔ አላወቅኩም» ይሉ ነበር እየሳቁ፤ «ደቡብ ዞሬ አንድ ወር ሙሉ የጎረቤት አጥር ሳይ ከረምኩ። እነሱ ከጀርባዬ ያልፋሉ።»

ሲያሳዩ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ እጃቸውን ይጨብጣሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከአድማስ እስከ ብርሃኑ በጭብጥ ይለካሉ፤ አንድ ጭብጥ፣ ሁለት ጭብጥ። የሚያዩት ሰው ከቸኮለ «ቆዩ፣ ይርጋ» ይላሉ። የሚርገበገብ ከሆነ ኮከብ ነው። ረግቶ የሚያይዎት ከሆነ ፕላኔት ነው። ትምህርታቸው ይኸው ነበር።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ቫን ነጂ ነበርኩ። ነጭ፣ አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ። ረቡዕ ረቡዕ መጀመሪያ ዲር ፓርክ ሄጄ ከሥራ የሚወጡትን እጭናለሁ፣ ከዚያ ልጆቹን ከየቤታቸው እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ወደ ጸሎት። አገሬ ላይ ሠላሳ ዓመት የጅማን መንገድ በአውቶቡስ ተመላልሼበታለሁ፤ የሰው ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም። ባለቤቴ ካለፈች በኋላ በልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ከማየት ያዳነችኝ ቫኗ ናት። «ጋሼ መጡ!» ሲሉ መስማት፣ እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ እሱ ነበር ደመወዜ።

ችግሩ የትራፊክ መብራቱ ነበር።

ከላይ የተሰቀለው መብራት አንዳንዴ አይታየኝም። ደብዝዞ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። መንገዱን ወደ ፊት ሳይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ከላይ ያለው ብቻ ሰማይ ይሆናል። ዓይኔን ቀና ሳደርግ ድንገት ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ቀዩ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ዘዴ አበጀሁ፤ ፊት ያለው መኪና ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ። ለአንድ ዓመት ያህል በሰው ዓይን ነበር የነዳሁት ብል አልዋሸሁም።

አንድ ረቡዕ ዲር ፓርክ፣ መጋዘኑ መኪና ማቆሚያ ቆሜ ሰዎቹን እጠብቃለሁ። እትዬ ቀድመው ወጥተው ሰማዩን እያዩ ነው።

«ጋሼ መኩሪያ፣ ወረድ ይበሉ እስቲ። ዛሬ ጠርቷል።»

«ብርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፣ እትዬ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው። አይቆጭዎትም።»

ወረድኩ። ሌሎቹም ወጡ፤ ሄኖክ የሚባል ወጣት አብሮን ነበረ፤ ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ በተረፈው ሰዓት መጋዘን የሚሠራ፣ ቀልድ የማያልቅበት። እትዬ ጭብጣቸውን ዘረጉ።

«ያ ደማቁ ቬነስ ነው። እሱ ላይ ዓይንዎን ያሳርፉ። ከእሱ በላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ጁፒተር አለ። አንድ ጭብጥ አይሞላም መሐላቸው። ስንት ይታይዎታል?»

«አንድ።»

ሄኖክ ሳቀ። «ጋሼ! ሁለት ናቸው እኮ! የቫኗን የፊት መብራት ያካክላሉ! አንዱ ተቃጥሎብዎት ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔን ቀና ሳደርግ ላይኛው ብቅ አለ። ወደ ታችኛው ስመለስ ሰው እንዳጠፋው መብራት ድርግም አለ። መንገድ ላይ የሚያደርገኝን ነገር ሰማዩም ላይ አደረገኝ።

«አሁን አየሁት፣ ሁለት ነው» አልኩ።

እትዬ አልሳቁም። ቫኗ ውስጥ ገብተው፣ መብራት አብርተው፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የኋላ መቀመጫቸውን ትተው ከጎኔ ተቀመጡ። ፕላኔቶቹ ይበልጥ ተጠጋግተዋል። መኪና ማቆሚያው ላይ እንደገና ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ከሄኖክ አፍ ነጥቄ «ሁለት» አልኩ። ልጆቹን ከየቤታቸው ጭነን የመጀመሪያው መብራት ጋ ስንደርስ ግን፣ ልጆቹ ሳይሰሙ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ቀይ» አሉ።

ቆምኩ።

«አረንጓዴ።»

ሄድኩ። እስከ ብሬብሩክ እንዲሁ። ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ። ሰዎቹ ወርደው አዳራሽ ሲገቡ ሁለታችን ቀረን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?»

«ምኑ?»

«ላይኛው የሚጠፋብዎት።»

«እትዬ፣ በሰው ዓይን ምን አገባዎት! እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ!»

«ሠላሳ ዓመቱን አልጠየቅኩም። የዛሬን ነው የጠየቅኩት። ከኋላ ሰባት ልጆች ነበሩ።»

«ደኅና ነኝ።»

«ብቻዎን አይሄዱም። ሐኪሙ ጋ እኔ ቡክ አደርጋለሁ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ለሽማግሌዎቹ ራስዎ ይንገሩ። ካልነገሩ እኔ እነግራለሁ። ከጀርባዎ አይደለም፣ ይኸው ፊት ለፊት ነገርኩዎት።»

በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ጸሎቱ አለቀ። ቤተሰቤን ሳስብ፣ ቫኗን ሳስብ፣ ልጄ ቤት ያለውን ሶፋ ሳስብ፣ ልቤ በእትዬ ላይ እየጠቆረ ሄደ።

እንግዲህ የሚቀጥለውን መጻፍ ይከብደኛል።

ሐሙስ ጠዋት ቫኗን ሳጸዳ፣ ከፊት ወንበር ሥር የእትዬን ደብተር አገኘሁት። ሰማያዊ፣ የተማሪ ደብተር ነው። ከፈትኩት። የፕላኔት ስም፣ የተጨበጠ እጅ ሥዕል፣ የጭብጥ ልክ፣ ክቦች፣ ቀስቶች። ከእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ደግሞ ያየው ሰው ስም። «ቬነስና ጁፒተር። ሁለት። ሄኖክ።» ከሥሩ፦ «ቬነስ ብቻ። አንድ። ላይኛው አልታያቸውም። መኩሪያ።»

ለባለቤቱ መመለስ ነበረብኝ። ስልክ ደውዬ «ደብተርዎን ረሱ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። በእኛ ቤት ኮከብና የሰው ስም አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ማንም ሌላ ነገር አያስብም፤ ጥንቆላ ነው። ኮከብ የሚቆጥር ሰው የሌላውን ዕጣ የሚሰርቅ ነው ተብለን ያደግን ነን። ይህን እያወቅኩ፣ ደብተሩን ይዤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ታምራት ቤት ሄድኩ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ «ቫኗ ውስጥ አገኘሁት» ብዬ ሰጠሁት። ኮከብ አስቆጣሪ ከተባሉ፣ ስለ ዓይኔ የሚሉትን ማን ያምናቸዋል? ይህን ነበር ያሰብኩት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ጠሩን። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ታምራት ኢንጂነር ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ደብተሩን ሲገልጥ ግን በጣቱ ጫፍ ነበር።

«እህታችን፣ ይህ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ይመለስልኛል ብዬ እጠብቅ ነበር።»

«የወንድሞችና የእህቶች ስም ከኮከብ ጋር ለምን ይጻፋል?»

«ማን ምን እንዳየ ነው። ያየ ሰው ስሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል።»

«የልጆች ክፍል ነው የሚያስተምሩት። ልጆቹም ስማቸው አለ።»

«አዎ፤ እነሱም አይተዋል። ዓይናቸው ከእኔ ይበልጣል።»

ታምራት ገጹን ገለጠ። «እዚህ ደግሞ ‹ላይኛው አልታያቸውም› ይላል። ጋሼ መኩሪያ ላይ። ይህ ምን ማለት ነው? በሰው ላይ ምን እየተጻፈ ነው?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁኝ። «ቆዩ፣ ይርጋ» እንደሚሉት ዓይነት ነበር አጠባበቃቸው። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

«ጋሼ መኩሪያ ዓይናቸውን ታመዋል። የትራፊክ መብራት አይታያቸውም። ልጆች ይዘው መንዳት የለባቸውም። የሚለው ይህን ነው።»

ታምራት «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«ዓይኔ ደኅና ነው።»

«ታዲያ እህታችን ይህን ያወቁት በኮከቡ አይተው ነው?»

«በኮከቡ አይደለም፣ በእሳቸው ዓይን ነው!» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ግን ከፍ ማለቱ ራሱ ጎዳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገሩ በጸሎት እስኪታይ ድረስ ከልጆቹ ክፍልም ከቫኗም ርቀው ይቆዩ፣ ደብተሩ እኛ ጋ ይቀመጥ፣ ተባለ። በጨዋ አነጋገር ነበር የተባለው፤ አባረሯቸው ግን።

እትዬ ቦርሳቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ በአጠገቤ ቆም አሉ።

«ረቡዕ ገና አልደረሰም፣ ጋሼ።»

ረቡዕ ደረሰ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቀኑን ሲዘንብ ውሎ ወደ ማታ ጠርቷል። ዲር ፓርክ ሄጄ ሄኖክንና ሌሎቹን ጫንኩ፣ ከዚያ ልጆቹን። ሄኖክ ከኋላ «ጋሼ፣ ዛሬ ሊነካኩ ነው አሉ! እትዬ ቢኖሩ ኖሮ!» አለ። ዓይኔ ፊቴ ያለውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት ይዟል። ሲቆም እቆማለሁ። ሲሄድ እሄዳለሁ። እጸልያለሁ፤ ልጆቹን በሰላም ካደረስኩ ነገ እናገራለሁ ብዬ። ነገ።

የጭነት መኪናው ሳላስበው ወደ ግራ ታጠፈ።

ፊቴ ባዶ መንገድ ሆነ። የሚከተሉት ሰው የለም። መንገዱ ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ። ከላይ ሰማይ ብቻ ነው። ሄድኩ።

«ጋሼ ቀይ ነው! ቀይ! ቀይ!»

የሄኖክ ድምፅ ነው። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ልጆቹ ጮኹ፣ ቦርሳ ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ፣ ቫኗ ተንሸራተተችና ቆመች። ከፊቴ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ቆማለች። በጋሪውና በቫኗ መካከል ክንድ የሚሞላ ቦታ አልነበረም። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። አንድ እጇን ዘርግታ ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ ቫኗን በእጇ እንደምትይዛት ሁሉ። ዓይኔን ቀና አደረግሁ። ቀዩ እዚያው ነው። መጀመሪያም እዚያው ነበር።

ሴትየዋ ተሻገረች። መንገዱ ዳር አቆምኩ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ለሄኖክ ሰጠሁት። እሱ መንጃ ፈቃድ አለው።

«አንተ አድርሳቸው።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ሰው እጠብቃለሁ።»

ከልጆቹ አንዷ በመስኮት «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩላት። ሄዱ። እዚያ ካለ የአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ቆሜ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞርኩ። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ጨበጥኩ፣ እትዬ እንደሚያደርጉት። ያን ምሽት ከተማው ሁሉ ሁለት ያይ ነበር። እኔ ያየሁት አንድ ነው። ስልኬን አወጣሁ።

«እትዬ፣ መኩሪያ ነኝ።»

«የት ነዎት?» «ምን ሆነው ነው?» አላሉኝም። የት እንደሆንኩ ነገርኳቸው። «እዚያው ይቁሙ። እንዳይነዱ።»

ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። የሻይ ቴርሞሳቸውን እንኳ አልረሱም። ክዳኑ ላይ ቀድተው ሰጡኝ። ስለ ሴትየዋና ስለ ጋሪው ነገርኳቸው። ከዚያ ሌላውንም።

«ደብተሩን ለታምራት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የሰጠሁት።»

መኪኖቹ ያልፋሉ።

«ከወንበሩ ሥር የተውኩት እኔም አውቄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንብበውት ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። በአፍ የነገርኩዎትን ባይሰሙ በጽሑፍ ያዩታል ብዬ። ክፉኛ ነው ያዘንኩብዎት፣ ጋሼ። አልዋሽዎትም።»

«ልክ ነዎት።»

«እሺ። እስቲ ያንን ይዩት። ስንት ይታይዎታል?»

«አንድ።»

እስክሪብቶ አወጡ። ደብተር የላቸውም። በመዳፋቸው ላይ ጻፉት፦ አንድ፣ መኩሪያ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና ወደ አዳራሹ ሄድን።

ጸሎቱ አላለቀም ነበር። ከሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ደብተሩን ስጡኝ አልኩ። ታምራት አመጣው። ያችን መስመር እኔው ጮክ ብዬ አነበብኳት፣ አነባበቤ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጠበቀኝ። «ይህ ጥንቆላ አይደለም። እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ታምራት ፊቱ ቀልቶ፣ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ለእትዬ መለሰላቸው፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

«ይቅርታው ይደርሳል» አሉት፤ «መጀመሪያ የልጆቹን ክፍል ቁልፍ አምጣ።»

ሐኪም ቤት አብረውኝ ገቡ። ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ መሣሪያ ውስጥ ሐኪሞቹ አገጬን አስደገፉኝ። ዓይኔን መሐሉ ላይ እንዳቆም፣ ነጥብ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ተነገረኝ። ከመግባቴ በፊት እትዬ ጆሮዬ አጠገብ መጥተው «ያዩትን ብቻ ይጫኑ። ያሰቡትን ይተዉት» አሉኝ። ጥሩ አደረጉ። መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ትንሽ ቆይቼ አካሄዱን ያዝኩት፣ ባላይም መቼ እንደሚበራ መገመት እችል ነበር። ጣቴ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። መንጃ ፈቃዴ፣ ቫኗ፣ «ጋሼ መጡ» የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም ጣቴ ላይ ነበሩ። ጣቴን ያዝኩት። ያላየሁትን አልተጫንኩም።

ግላኮማ ነው አሉ። ከዓይን ውስጥ ግፊት የሚመጣ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ሁለት ሦስት ዓመት ብዘገይ ምንም አይተርፍም ነበር አሉ። መንዳት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት የማውቀው እኔ ነኝ። ብዙ ቀን ከሶፋው አልነሣም ነበር። እትዬ ማታ ማታ ይደውላሉ። ሰላምታ የለም፣ ምንም የለም።

«ጠብታ?»

«አደረግሁ።»

«ሰማይ?»

«ደመና ነው።»

«መስኮት ከፍተው ነው ያሉት ወይስ ሶፋው ላይ ሆነው?»

ወደ ውጭ እስካልወጣሁ ድረስ ስልኩን አይዘጉትም። ረቡዕ ረቡዕ ፌርማታው ላይ ጠብቀውኝ በአውቶቡስ አብረን ወደ ጸሎት እንሄዳለን። መንገድ ስንሻገር «መጀመሪያ ላይኛውን፣ ከዚያ ታችኛውን» ይሉኛል። አንገቴን ቀና አድርጌ ማየት ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ብቻዬን ነው የምሻገረው።

በኋላ ወንድ ልጃቸው ኖርዌይ ልጅ ወለደ፣ እትዬም ተመልሰው ወደ ሰሜን ሄዱ። ኤርፖርት ላይ አዲስ ሰማያዊ ደብተር ሰጡኝ። «እዚያ ጫፍ ላይ አንዳንድ ዓመት ጁፒተር ጭራሽ አይጠልቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይዞርዎታል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። በማይወጣበት ዓመት እርስዎ ያዩልኛል» አሉኝ።

ዘንድሮ የማይወጣበት ዓመት ነው። ልጃቸው እንደገና ሲደውል ነው የነገረኝ፤ ኅዳር ሲገባ በደቡቡ መስኮት ፈልገው አጥተውታል፤ «መኩሪያ ጋ ነው» ብለው ስቀዋል።

ዛሬ ፀሐይ እንደገባች ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሁለቱ እንደገና በምዕራብ ተገናኝተዋል። ባለፈው ሳምንት ተላልፈዋል፤ አሁን ታችኛው ጁፒተር ነው፣ ላይኛው ቬነስ። ጁፒተርን ሳይ ቬነስ ጠፋ። አልደነገጥኩም። አንገቴን ቀና አደረግሁ፣ ጠበቅሁ፣ እስኪረጋ። ከዚያ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ፣ በወፍራሙ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ ጻፍኩ፦

ጁፒተርና ቬነስ። ሰማዩ ጠርቷል። ሁለት። ያየው መኩሪያ፤ ያሳዩት እትዬ አስካለ ወልደ ጊዮርጊስ።